ዓሣው የሚጸዳበት መጠለያ ጣሪያው ተነቅሏል፤ የድጋፍ ጥሪ ለባቱ ልጆችና ወዳጆች

ለባቱ (ዝዋይ) ዓሣ አጥማጆች ከአዲስ አበባ መዋጮ የምንሰበስበው ማኅበር ደግሞ መጣን። ደግሞ ብር ልንጠይቅ ነው፤ እያፈርንም ቢሆን።

ባለፈው ወር የተነሳው ነፋስ ሐይቁ ዳር ያቆምነውን መጠለያ ጣሪያ ነቅሎ ወሰደው። ቆርቆሮው ከሸምበቆው ውስጥ ተለቅሞ ነው የተገኘው፤ ግማሹ ተጣጥፏል። አሁን ሴቶቹ ፊሌቶ የሚያወጡት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ነው። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ከጎናቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አንዷ ቢላዋ ልትስል ዞር ካለች ቆሮሶዋ (ዓሣዋ) የለችም። ረፋዱ ላይ በረዶው ያልቃል። ነጋዴውም «ይኼማ ሸቷል» ብሎ ዋጋውን ይሰብራል። 160 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ ፒያሳ ላይ በዳጣ የምንበላው ይህንኑ ዓሣ ነው። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወው፤ ገበያው የሚደራው ግን ያኔ ነው።)

«መንግሥት የት ሄዶ ነው?» የምትሉን አላችሁ። ድሃን የሚደግፈው የገጠር ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ግን ዓሣ አጥማጅ ዛሬ እጁ ላይ ብር ስለሚታይ ድሃ አይመስልም። ነገ መረቡ ባዶውን ሲወጣ መዝጋቢው አጠገቡ የለም። ጡረታም ቢሆን ቀጣሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እያዋጡ ነው። የጀልባ ሰው ቀጣሪው ማነው? ሐይቁ?

ስለ ባለፈው ወጪ ሐሜቱን ሰምተናል። አዎ፣ ለበረዶ ሳጥን ከተሰበሰበው ቀንሰን የአረጋውያኑን የጤና መድን መዋጮ ከፍለናል። ደረሰኙ አለ። አንድ አባት እግራቸውን የመረብ ገመድ ቆርጧቸው ሲያመረቅዝ የታከሙት በዚያ ካርድ ነው። ጉባኤ ሳንጠራ መወሰናችን ግን ጥፋት ነው። የሲሚንቶው ወለልና የውኃ መስመሩም በእናንተው ብር የተሠሩ ናቸው። ወለሉ እስከዛሬ አልተሰነጠቀም።

እውነቱን ለመናገር ደክሞናል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. መፍረስ ከጀመረ ወዲህ ጎረቤቱ ገላን፣ አራብሳ ተበትኗል። ድሮ መዋጮ በር አንኳኩተን፣ ቡናም ጠጥተን ነበር የምንሰበስበው። አሁን እንደውላለን፤ ስልኩ አይነሳም።

የሚያስፈልገው ቆርቆሮ፣ ሞራሌ፣ ሚስማርና የአናጺ ዋጋ ነው። ጾሙ ሳይገባ ጣሪያው መመለስ አለበት። ምጽዋትም በሉት ሰደቃ፣ ሃምሳ ብርም ትሁን አንንቅም።

ክፍያ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በመዋጮ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ቁጥር ላኩ። ያለ ሦስት ፊርማ ብር አይወጣም። ደብተር የጠፋባችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ በር ላይ ታገኙናላችሁ። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዥዋ መላክ እንዳትረሱ። አሁንም እንደግመዋለን፦ ሌላ ቁጥር የሚልክላችሁ ሰው ካለ፣ «እኛ ነን» ቢልም እንኳ፣ እኛ አይደለንም። በማኅበሩ ሒሳብ ብቻ።