ዲኤክሷ ለምን ዘይት እንዳፈሰሰች

አዳማ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ የቀረሁት ረስቼህ አይደለም። በመጨረሻው ደብዳቤህ «ዲኤክሷ እንዴት ናት?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ አንተ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀህ ያስረከብከኝ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ መኪና እያጨሰች ዘይት ስትበላ መክረሟን ልጽፍልህ አፍሬ፣ «ይሻላትና እጽፍለታለሁ» እያልኩ ጊዜው ነጎደ። አሁን ተሽሏታልና የሆነውን ልንገርህ።

ባለፈው ክረምት ሞተሯ ወርዶ ታደሰ። ቶርኖ ቤት ገባ፤ ፒስተኑ፣ ሪንጉ፣ መጋጠሚያዎቹን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ሁሉ ተቀየረ፤ ያቺ 1,290 ሲሲ 4ኬ ሞተርም ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ሆነ። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳች በኋላ ግን አንድ ጠዋት ግቢው ሲሚንቶ ላይ፣ ልክ ከፍሪሲዮኑ ቤት ሥር፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል የዘይት ጠብታ አየሁ። ጋራዡ ገና ከሩቁ አይቶ «የኋላው ፓራዮሊ ነው» አለ፤ በሞተሩ ጀርባ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት ማለቱ ነው፤ ካምቢዮው ወርዶ ፓራዮሊው ተቀየረ፤ እኔም የዕቃውንና የጉልበቱን ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠብታዋ እዚያው ቦታዋ ላይ ተገኘች። «ዕቃው ኦሪጅናል ስላልሆነ ነው፣ እንደገና እናውርደው» ሲሉኝ አንጀቴ እምቢ አለኝና መኪናዋን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ።

መጀመሪያ ዘይቱን በጣቴ አሽቼ አሸተትኩት። የካምቢዮ ዘይት ቢሆን ወፍራም ሆኖ ድኝ ድኝ ይሸት ነበር፤ ይህ ግን የሞተር ዘይት ነው። ቀጥሎ ከፍሪሲዮኑ ቤት ሥር ያለችውን የቆርቆሮ መሸፈኛ ፈትቼ በባትሪ ወደ ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር ወደሚሽከረከረው ከባድ የብረት ክብ፣ ተመለከትኩ። የኋላው ፓራዮሊ አፍሳሽ ቢሆን ኖሮ ቮላኖው ሲሽከረከር ዘይቱን ዙሪያውን በረጨው ነበር፤ ውስጡ ግን ደረቅ ነው፤ የረጠበው በውጭ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ከላይ ተነሥቶ፣ የሞተሩን ጀርባ ይዞ እየወረደ፣ ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ነው የሚንጠባጠበው ማለት ነው።

ከየት እንደሚነሣ ለማወቅ ሞተሩን በናፍታና በብሩሽ አጥቤ አደረቅሁት። ፈረንጆቹ እንደሚያደርጉት የሕፃን ፓውደር ልነሰንስበት አስቤም ነበር፤ ዳሩ ግን የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፣ አላስፈለገኝም። በአሮጌው መንገድ ሞጆ ደርሼ ስመለስ አቧራው ዘይት የነካውን ሁሉ ለይቶ ለብሶት ነበር። ያንን ቡናማ መስመር በጣቴ ተከትዬ ስወጣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን የኋላ ጠርዝ ላይ አደረሰኝ፤ ሞተሩን ከሹፌሩ ከሚለየው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ ዓይን በማያይበትና እጅም በግድ በሚገባበት በኩል ማለት ነው።

ጓርኒሲዮኑን ብቻ ቀይሬ ላልፍ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። መኪናዋ ቆማ ግማሽ ሰዓት ብትሠራ አንዲት ጠብታ አይወርዳትም፤ የሚፈሰው ሲነዷት ብቻ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን አላልቼ ጋዝ ስሰጥ ክዳኑ ከቦታው ዘለለ። አዲስ ሪንግ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ ጥቂት የተቃጠለ ጋዝ ወደ ታች ማሳለፉ ያለ ነው፤ ይህን ያህል ግን አይደለም። ይህ ጋዝ የሚወጣበትን የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ ነቅዬ በአፌ ብነፋው አላሳልፍ አለኝ፤ በሽቦ ስጎረጉረው በዘይት የራሰ ቡትቶ ተጎትቶ ወጣ። ሞተሩ ተፈትቶ ሳለ አቧራ እንዳይገባ ከጋራዡ ልጆች አንዱ ወትፎት ኖሯል፤ ሲገጠም ረሱት። ከጥንቃቄ የመጣ ጥፋት ስለሆነ ንዴቴ ቶሎ በረደ፤ የካምቢዮ ማውረጃው ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጋዙ መውጫ ሲያጣ በሞተሩ ውስጥ ግፊት ሆኖ፣ ዘይቱን ደካማ በሆነው መጋጠሚያ በኩል ሲገፋው ኖሯል። የቴስታታው ክዳንም ሲታሰር ከልክ በላይ ጠብቆ ጠርዙ ጎብጦ ነበርና፣ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አስተኝቼ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልኩ አቀናሁት፤ ከዚያም አዲስ ጓርኒሲዮን አስገባሁ።

ይኸው 900 ኪሎ ሜትር ነዳኋት፤ ሲሚንቶው ደረቅ ነው፤ የዘይት መለኪያውም ከሙሉው ምልክት ዝቅ አላለም። የቀረችኝ ጣጣ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ የኮፓው፣ የኋላ ማዕዘን ነው፤ ሲሊኮን በተቀባበት በኩል በጥቂቱ ያልበዋል፣ ግን አይንጠባጠብም። እኔ ለዚህች ብዬ ኮፓውን ባላወርድ ይሻላል ባይ ነኝ። አንተ ዘንድ ሳለች ያ ማዕዘን ድንጋይ መትቶት፣ ወይም ክሪክ ተደግፎበት ያውቃል? ይህን ብትጽፍልኝ ለመወሰን ይቀለኛል፤ እንደ እኔ ግን ሁለት ዓመት አታቆየኝ።

ወንድምህ