ከእንጦጦ ስትመለሱ የውሃ ከረጢታችሁን አትርሱ

ውድ የእግር ጉዞ አባላት፣

ቅዳሜ የተሸከማችሁትን የውሃ ከረጢት (ቦርሳ ውስጥ ሆኖ በቱቦ የሚጠጣበትን) እስከሚቀጥለው ጉዞ ቦርሳ ውስጥ አታቆዩት። ከረጢቱ ንጹሕ ቢመስልም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ቱቦው ውስጥ ነው። ጠባብ ስለሆነ አየር አያገኝም፤ የቀረው ጠብታ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ያበጅና ይሻግታል። ይህን ሽፋን ማለቅለቅ ብቻ አያስለቅቀውም፣ መፈተግ አለበት።

ቱቦውንና የሚነከሰውን የጎማ ጫፍ ነቅላችሁ ለየብቻ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። የፈላ ውሃ ግን ፕላስቲኩን ሊያጣምመው ይችላል። ለቱቦው ቀጭን ብሩሽ ከሌላችሁ፣ በሲባጎ ጫፍ ትንሽ ንጹሕ ጨርቅ አስራችሁ ከዳር እስከ ዳር ሳቡት። የጎማውን ስንጥቅ በጣት ጫን ብላችሁ ክፈቱና በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ፤ ምራቅ የሚነካው እሱ ነው።

ከረጢቱ ሽታ ካለው በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ሽቶ የሌለው በረኪና ጨምሩ፣ በቱቦው ውስጥም እንዲያልፍ አድርጉ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። እባካችሁ በረኪናን ከሎሚም ሆነ ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

በሶ፣ ጁስና የማር ውሃ በሌላ ኮዳ ያዙ። ስኳር ያለበት ነገር ከረጢቱን ቶሎ ያበላሸዋል።

አፉን ወደ ታች ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት፤ ግድግዳዎቹ እንዳይጣበቁ ውስጡ ንጹሕ የእንጨት ማንኪያ አስገቡ። በክረምት ካልደረቀ ባዶውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ቅዝቃዜው ሻጋታን ባይገድልም እንዳያድግ ያደርጋል።