ሰርቨሩ ፎርማት ከመደረጉ በፊት የሲሪያል ኬብል ይሰካለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እዚህ ጎንደር አንድ ሰርቨር በተደጋጋሚ ቀጥ ካለ መጀመሪያ አጥፍቶ ማብራት፣ ካልሆነ ፎርማት ማድረግ ተለምዷል። ጥፋቱም «መብራቱ ነው» ተብሎ ይዘጋል። መብራቱ የሚወቀስበት ጊዜ አይጠፋም፤ ችግሩ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) የተናገረውን ማንም ሳያነብ መፈረዱ ላይ ነው።

ሎግ ፋይል ማገላበጥ እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳም፤ ከርነል ሲወድቅ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ዲስክ ላይ ሳይጻፉ ይቀራሉ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሳትም ጅራቱን እንጂ መነሻውን አይዝም። በሲሪያል ኮንሶል ግን፣ ማለትም የከርነሉ መልእክት በሲሪያል ፖርትና በኬብል እንዲወጣ ሲደረግ፣ እያንዳንዱ መስመር እንደወጣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል።

ለዚህም ነል ሞደም የሚባለው፣ ሁለት ኮምፒውተሮችን በሲሪያል ፖርት በቀጥታ የሚያገናኘው ኬብል ይበቃል፦ 2 ቁጥር ፒን ከ3፣ 3 ከ2፣ 5 ከ5 ይገናኛል። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያ የሚሰካው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ላይ ከተሰካ ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚወድቅ ዋናዋን መስመር አያደርስም። ከጀርባ ፖርት ከሌለ ማዘርቦርዱ ላይ «ኮም» የተባለ የፒን ረድፍ ይፈለግ። ለእሱ የሚሸጠው ጠፍጣፋ ኬብል በመልክ አንድ ሆኖ የውስጥ አገናኙ ሁለት ዓይነት ስለሆነ፣ ማኑዋሉን ሳያዩ መግዛት ብር መጣል ነው። ለትንንሽ ቦርዶች የተሠራ የ3.3 ቮልት መቀየሪያም እዚህ አይሰካ፤ ይቃጠላል።

ሊኑክስ ላይ በግረብ (ሰርቨሩ ሲነሳ ከርነሉን የሚጭነው ፕሮግራም) ፋይል የከርነሉ መስመር ውስጥ ሁለት ኮንሶል ይጻፋል፦ አስቀድሞ ቲቲዋይ 0 (tty0፣ የሰርቨሩ ስክሪን)፣ አስከትሎ ቲቲዋይ ኤስ 0 (ttyS0፣ የመጀመሪያው ሲሪያል ፖርት) በ115200 ፍጥነት። ከዚያ ግረብ አፕዴት ተደርጎ ሰርቨሩ ሬስታርት ይደረጋል። ላፕቶፑ ላይ በፑቲ ወይም በሚኒኮም (በሲሪያል የሚመጣውን ጽሑፍ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች) ያው ፍጥነት፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት። ሚኒኮም ላይ የሃርድዌር ፍሎው ኮንትሮል (በተጨማሪ ሽቦዎች የመላኪያ ፈቃድ መጠበቅ) ካልጠፋ ላፕቶፑ ላይ ከሚጻፈው ምንም ወደ ሰርቨሩ አይሄድም፤ ብዙ ሰው ኬብሉን የሚያማው በዚህ ነው። የሚመጣው ጽሑፍ ፋይል ላይ እንዲቀመጥ ይደረግ፤ ላፕቶፑም እንዳይተኛ።

ሲወድቅ የሚነበበው የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ተከትሎ የሚጎርፈው አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ውጤት ነው። «ቴንትድ» (ከርነሉ ተበክሏል) ከሚለው ቃል ጎን «ዲ» ፊደል ካለች ከዚያ በፊት ሌላ ስህተት አልፏልና ወደ ላይ ይኬድ። «ኮል ትሬስ» (ስህተቱ ላይ ያደረሱት ጥሪዎች ዝርዝር) ሥር በማዕዘን ቅንፍ [ ] የተጻፈ የሞጁል (የከርነል ተቀጥላ) ስም ከተደጋገመ ምርመራው ከዚያ ድራይቨር ይጀምር። «ሃርድዌር ኤረር» ካለ ደግሞ ፎርማት ማድረግ ከንቱ ድካም ነው፤ ራሙ ይፈተሽ።

ጽሑፉ ምንም ሳይል ተቋርጦ ሰርቨሩ ከጠፋ ወይም ራሱ ከተነሳ፣ መብራቱና ፓወር ሰፕላዩ የሚጠረጠሩት ያኔ ነው። እየሠራ ዝም ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማጂክ ሲስአርኪው (ከርነሉን በቀጥታ የሚያዝ የቁልፍ ትእዛዝ) አስቀድሞ ከተፈቀደ፣ ከላፕቶፑ ብሬክ የሚባለውን የሲሪያል ምልክት ልኮ በ5 ሴኮንድ ውስጥ የእንግሊዝኛዋን «ደብሊው» መጫን የተጣበቁትን ፕሮሰሶች ዝርዝር ያሳያል።

ሰርቨር የምትገዙ መሥሪያ ቤቶች፣ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ «በማዘርቦርዱ ላይ የሚገኝ ሲሪያል ፖርት» የሚል መስመር ጨምሩ፤ ኬብሉም አብሮ ይገዛ።

አንድ የሲስተም ባለሙያ
ከጎንደር