የፊዚክስ ክበብ ዘገባ፦ ኒውክለስን ማን አየው?

የፊዚክስ ክበብ ዘንድሮ ብዙ ርዕስ አላነሳም። ዓመቱን ሙሉ የተወያየነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ አቶም መሃል ኒውክለስ እንዳለ በምን ታወቀ? መጽሐፉ ላይ ሥዕሉ አለ። ፈተና ላይ ሥዕሉን ሠርተን ማርክ እናገኝበታለን። እንዴት እንደተደረሰበት ግን ብዙም አንጠየቅም። ክበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል፤ ፈተና የሚያልፈውን ጥያቄ ረጋ ብሎ ለመያዝ።

የጀመርነው በብይ ነው። ሰፊ ጣውላ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገን ከሥሩ አንድ ቅርጽ ደበቅን። ተማሪዎቹ ጣውላውን ሳያነሱ ብይ ከየአቅጣጫው ያንከባልላሉ። ብዩ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ ወረቀት ላይ ያሰምራሉ። አንደኛው ቡድን ቶሎ ብሎ “ሦስት ማዕዘን ነው” አለ። ሌላኛው “ክብ ነው” ብሎ ድርቅ አለ። ክርክሩ ጦፈ፤ “ጣውላውን ያንሱልንና ይለይ” አሉኝ። አላነሳሁም። የኒውክለስን መኖር የደረሰበት ራዘርፎርድም የሚያነሳው ጣውላ አልነበረውም። ተመልሰው ማንከባለል ጀመሩ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ መስመሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ ነገሩን ፈታችው። ከአንድ አቅጣጫ ተንከባለው የሦስት ማዕዘንን አንድ ጎን የመቱ ብዮች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መመለስ አለባቸው። የእኛዎቹ ግን ትንሽ ቦታ በቀየሩ ቁጥር የሚመለሱበት አንግልም ቀስ እያለ ይቀየራል። እንግዲያው ክብ ነው። ከዚህ በኋላ ጣውላው ይነሳልን ያለ የለም።

ይህን ከያዙ በኋላ ታሪኩን መንገር ቀላል ሆነ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያገኘው በ1897 ነው። ከዚያም አቶም ማለት ፖዘቲቭ ቻርጅ በሙሉ አካሉ ላይ የተሠራጨበት፣ ኤሌክትሮኖች በውስጡ የተሰገሰጉበት ነገር ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1909 ማንችስተር ውስጥ፣ በኧርነስት ራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ፣ ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን አልፋ ቅንጣቶችን (ከራዲዮአክቲቭ ነገር የሚወጡ፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) እንደ ወርቅና ፕላቲኒየም ባለ በጣም ስስ ብረት ላይ ለቀቁ። ማርስደን ያኔ ገና የ20 ዓመት ተማሪ ነበር። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ስሜት መግለጽ ይከብደኛል።

አልፋ ቅንጣት ዚንክ ሰልፋይድ የተቀባ ሰሌዳ ሲመታ ትንሽ ብልጭታ ይሰጣል። ብልጭታውን የሚቆጥረው ሰው ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በማይክሮስኮፕ፣ በዓይኑ። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ መጠበቅ ግድ ነው። እኛም ቤተ ሙከራውን አጨልመን፣ በጣም የደከመ ብርሃን ብልጭ እያደረግን ጥንድ ጥንድ ሆነን ቆጠርን። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር ማምጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሁሉም አየ። እነ ጋይገር ይህን ሥራ ሲደጋግሙ መኖራቸውን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

ቅንጣቶቹ አብዛኞቹ በቀጥታ አለፉ። ጥቂቶቹ ግን ወደ መጡበት ተመለሱ። በፕላቲኒየም ላይ የተመለሰው ከ8,000 አንድ ገደማ ነበር። ክበባችን ብዙ ጊዜ ያጠፋው እዚህ ላይ ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ “ኤሌክትሮን ቢመልሰውስ?” ብሎ ጠየቀ። አሪፍ ጥያቄ ነው። አልፋ ቅንጣት ከኤሌክትሮን ከ7,000 ጊዜ በላይ ስለሚከብድ ኤሌክትሮኑን ገፍቶት ያልፋል እንጂ አይመለስም። ሌላው ደግሞ፣ “ብዙ ትንንሽ ግፊያዎች ተደማምረው ቢሆንስ?” አለ። ይህ የበለጠ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የወርቁ ስስ ሽፋን እንኳ ከአንድ ሺህ በላይ አቶሞች ድርድር አለው። ነገር ግን ትንንሾቹ ግፊያዎች ግራም ቀኝም ናቸው። ሁሉም በአንድ ወገን ተደማምረው ቅንጣቱን ወደ ኋላ የመመለሳቸው ዕድል ከ8,000 አንድ ሊሆን ቀርቶ ምንም ያህል አይደለም። እንግዲህ የቀረው መልስ አንድ ነው፦ አንድ ብቻውን የሆነ ኃይለኛ ግጥሚያ። ለዚያ ደግሞ ቻርጁም ክብደቱም እጅግ ጠባብ ቦታ ላይ መሰብሰብ አለበት።

ራዘርፎርድ ይህን ያሳተመው በ1911 ነው። በየአንግሉ ስንት ቅንጣት ሊቆጠር እንደሚገባ አብሮ ያወጣው ቀመር አስቀድሞ ይናገራል። ጋይገርና ማርስደን በ1913 ያንን አንድ በአንድ ፈተሹት። ለምሳሌ ነገሩ የአንድ ግጥሚያ ውጤት ከሆነ፣ የስሱን ብረት ውፍረት እጥፍ ስናደርገው የሚቆጠረውም እጥፍ መሆን አለበት። ሆነም። ለእኔ የኒውክለስ ማስረጃ ማለት ይህ ነው። የተመለሱት ጥቂት ቅንጣቶች ጥርጣሬ ፈጠሩ፤ ያሳመነው ግን ቁጥሩ ከቀመሩ ጋር መግጠሙ ነው።

አንድ ቀን ሜዳ ወጣን። አንድ ሚሊ ሜትር የምትሆን ነጥብ ወረቀት ላይ አድርገን መሬት ላይ አስቀመጥናት። እሷ የሃይድሮጅን ኒውክለስ ብትሆን ኤሌክትሮኑ የመገኘት ዕድሉ ከሁሉ የሚበልጠው 30 ሜትር አካባቢ ርቀት ላይ ነው። አንድ ተማሪ ሜትር እየጎተተ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ወረቀቷን ማየት አልቻለም። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ኒውክለሱን ያን ያህል ትልቅ አድርገው የሚስሉት ገጹ ስለማይበቃ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ደረሱበት።

የቀረውን በፍጥነት ነው ያለፍነው። የሚዞር ኤሌክትሮን ኃይሉን አፍስሶ ኒውክለሱ ላይ መውደቅ ሲገባው ለምን እንደማይወድቅ፣ ኒልስ ቦር በ1913 ያመጣውን ሐሳብ አነበብን። ሄንሪ ሞስሊ በዚያው ዓመት በኤክስሬይ የጀመረውን ሥራም ተመለከትን። የአቶም ቁጥር የኒውክለሱ ቻርጅ መሆኑን ያሳየው እሱ ነው። በ1915 ጋሊፖሊ ጦርነት ላይ ሲሞት 27 ዓመቱ ነበር። ኒውትሮን (ኒውክለስ ውስጥ ያለው ቻርጅ አልባ ቅንጣት) በ1932 በጄምስ ቻድዊክ መገኘቱን ከጠቀስን በኋላ ጊዜው አለቀብን።

በመጨረሻው ስብሰባ አንዲት ተማሪ፣ ኒውክለስ ውስጥ ያሉት ፖዘቲቭ ፕሮቶኖች ያን በሚያህል ጠባብ ቦታ እየተገፋፉ እንዴት አብረው ይኖራሉ ብላ ጠየቀች። ከግፊያው የሚበልጥ፣ ቅርብ ለቅርብ ብቻ የሚሠራ ሌላ ኃይል አለ አልኳት። “እሱስ በምን ታወቀ?” አለችኝ። የሚቀጥለው ዓመት ሥራችን ይኸው ጥያቄ ነው። ምዝገባው ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ይካሄዳል።