ዋሽንቷ አሁንም አለች?

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ብትቀየመኝ አይፈረድብህም። እናቴ ካረፈች በኋላ ከሰው ሁሉ ራቅኩ። ለለቅሶ ስትደውልልኝ እንኳ ስልኩን አላነሳሁም። ይቅር በለኝ።

ብዕር ያስነሳኝ የሙዚቃ ደራሲው አሸናፊ ከበደ ነው። ባለፈው እሑድ «እረኛው ባለ ዋሽንት» የሚለውን ሥራውን ስሰማ ዋልኩ። ለፍሉት፣ ለፈረንጁ ዋሽንት ማለቴ ነው፣ እና ለባለ አውታር መሣሪያዎች የጻፈው ነው። ፍሉቱን ስሰማ አንተ ፊቴ ድቅን አልክ። ያቺ ከአያትህ ጓሮ ሸምበቆ ቆርጠህ የሠራሃት ዋሽንት ትዝ አለችኝ። አራቱን ቀዳዳ በጋለ ብረት ስትበሳ ጣትህን ተቃጥለህ፣ በፋሻ ጠቅልለህ ነበር የተጫወትከው።

ጣትህን ከቀዳዳው ላይ ቀስ አድርገህ ስታነሳ ድምፁ እንዴት ይንሸራተት እንደነበር ታስታውሳለህ? እኔ የማስተምርበት ፍሉት ቀዳዳው በክዳን ነው የሚዘጋው። ጣት እንደዚያ አይንሸራተትበትም። ተማሪዎቼ ትዝታን ሲጫወቱ ኖታው አንድም አይዛነፍም። ግን አንጀት አይበላም። አሸናፊ ታዲያ እረኛውን ከነዋሽንቱ በዚሁ በፈረንጅ መሣሪያ አመጣው። ኦርኬስትራው መሀል አስቀመጠው። ይህ ለእኔ ትልቅ ድፍረት ነው።

ሰውዬው እኮ አሜሪካ፣ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1962 ተመርቋል። እዚያው መቅረት ይችል ነበር። አገሩ ተመልሶ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም! ዛሬም ያሬድ ግቢ ክራርና መሰንቆ ከፒያኖና ከቫዮሊን እኩል ይማሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከአሜሪካው ዌዝሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ሲያስተምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1998 በስድሳ ዓመቱ አረፈ።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰለህ? ስለ ሞዛርት ብጠይቃቸው የሚያወሩኝ ተማሪዎቼ የእሱን ስም አያውቁትም። ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው። ከዚህ ወር ጀምሬ እያሰማኋቸው ነው። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሰምታ ስታበቃ «ጋሼ፣ እውነተኛው ዋሽንትስ እንዴት ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ዋሽንት አልችልም።

ዋሽንቷ ካለች ትዝታን በቪዲዮ ቀርፀህ ላክልኝ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ድምፁ የሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቀስ በል፤ ጣትህ ለልጅቷ በደንብ ይታያት።

ናፋቂህ
ወንድምህ