ሲያመው ምን እንደሚሆን ንገሪያቸው

ውድ እህቴ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። ሰበብ አልደረድርም፣ ይቅር በዪኝ። ትናንት እናትሽ ደውለው ትንሹ ልጅሽ የእግሩን ጅማት ኦፕራሲዮን ሊደረግ እንደሆነ ነገሩኝ። ከቢላው ይልቅ ማደንዘዣው እንቅልፍ እንደነሳሽም ሰማሁ። ማደንዘዣ የዕለት ሥራዬ ነውና የማውቀውን ልጻፍልሽ።

እንደ እሱ ሰሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የተነሳ ጡንቻን እንደልብ ማዘዝ የሚያቅትበት ሁኔታ) ያለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የበሉት ወደ ላይ ይመለስባቸዋል፣ ምራቅ መዋጥም ይከብዳቸዋል። ተኝተው ሳለ ያ ወደ ሳንባ ከገባ ክፉ ነው። ስለዚህ ማደንዘዣው ሊሰጠው ስድስት ሰዓት ሲቀረው ምግብና ወተት፣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ደግሞ ውሃ ይቆማል። «ትንሽ ቢቀምስ ምን አለበት» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ እንዳትሰሚ። መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። የሚጥል በሽታውን ኪኒንና የተገተረ ጡንቻ የሚያላላውን ባክሎፌኑን በዚያው ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውሃ ይውሰድ፤ ሰዓቱን ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋገሪ። ባክሎፌን በድንገት ሲቋረጥ ጡንቻው ብሶ ይገተራል፣ የሚጥል በሽታውም ሊነሳበት ይችላል።

እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ ትንሽ ማደንዘዣ ይበቃቸዋል፣ ሲነቁም ይዘገያሉ። ቢቆይ አትደንግጪ። ቶሎ ስለሚበርዳቸው እናሞቃቸዋለን። የታጠፈ ክንድ በግድ አንዘረጋም፣ ከሥሩ ጨርቅ እንደግፍለታለን።

አሁን ልቤ ውስጥ ያለውን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንዲት የማትናገር ልጅ ከኦፕራሲዮን ወጥታ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። እኔም ደህና ናት ብዬ አለፍኳት። እናቷ ከኋላዬ ተከትላ መጣች። «ይቺ ልጅ ሲያማት አታለቅስም። ዓይኗን ጨፍና ጸጥ ነው የምትለው» አለችኝ። ተመልሼ ስነካት ሰውነቷ እንደ እንጨት ደርቋል። ማስታገሻ ሰጠኋት። ቆይቶ ጡጫዋ ተፈታ፣ ዓይኗንም ገለጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትየዋን ሳልጠይቅ ልጅ አላስተኛም።

አንቺም ሲያመው ምን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚያረጋጋው በወረቀት ጻፊና ስጪያቸው። ሲነቃ አጠገቡ ልሁን በዪ፤ አትፈሪ። «አይገባውም» ብሎ በፊቱ የሚያወራ ካለም አስቁሚልኝ። ብዙዎቹ ያቃታቸው መናገሩ ነው እንጂ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል።

ቀኑን ላኪልኝ። ዋዜማውን ማታ እደውላለሁ፣ ከትንሹም ጋር አገናኚኝ።

ያንቺው