አባዬ፣ ከሄሊኮፕተሩ ስር ለምን እንደምንበረከክ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ?

እሑድ የላክሁትን ፎቶ አይተህ "ሄሊኮፕተር ሲወርድብህ ተንበርክከህ የምትጠብቀው ምን ሆነህ ነው?" ብለህ ተቆጣኸኝ። በስልክ አላስረዳሁህም፣ ስለዚህ ልጻፍልህ።

እዚህ አላስካ ተራራው ላይ አዲስ የወረደ በረዶ ልክ እንደ ዱቄት ነው። ሄሊኮፕተሩ መሬት ሲጠጋ የራሱ ንፋስ ያነሳውና ሰማዩም መሬቱም አንድ ነጭ ይሆናል። ፓይለቱ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ ሲል ወደ ጎን እየሄደ ሊሆን ይችላል፣ ዓይኑ የሚይዘው ነገር ስለሌለ አይታወቀውም። በዚያ ላይ የሄሊኮፕተሩ አንዱ እግር በረዶ ውስጥ ከተያዘ በቃ፣ በተያዘው እግር ላይ ዞሮ ይገለበጣል።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 2021 ክኒክ የሚባለው የበረዶ ግግር አጠገብ የስኪ ተጓዦችን የያዘ ሄሊኮፕተር ሸንተረር ላይ ሊያርፍ ሲል ወድቆ፣ ከ6 ሰው 5ቱ ሞቱ። ቼኩ ባለሀብት ፔትር ኬልነርም እዚያ ነበር። መርማሪዎቹ ምክንያቱ ፓይለቱ ይኸው ነጭ ሲገጥመው በአግባቡ ምላሽ አለመስጠቱ እንደሆነ ጻፉ። እኔ ያንን አካባቢ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ለዚህ ነው የምንበረከከው። ዕቃውን ሰብስቤ አጠገቤ አደርግና ዝቅ ብዬ ሳልንቀሳቀስ እቆያለሁ። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ፓይለቱ የሚያየው እኔን ነው። ፈርቼ ብነሳ ያለችውንም አንዷን ምልክት አሳጣዋለሁ። እኔን ካጣኝ ደግሞ አይጠብቅም፣ ወዲያው ወደ ላይ ይነሳል።

የዛሬ ሁለት ሳምንት አጣኝ። በረዶው ሸፈነኝና ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው፣ ከየት እንደሆነ እንኳ መለየት አልቻልኩም፣ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ እንደዚያው ቀረሁ። ከዚያ ድምፁ ራቀ። ተመልሶ በሁለተኛው አረፈ። ይሄን ለእማዬ አታንብብላት።

ልጅ እያለሁ ከደብረ ዘይት ስትመጣ ስለ ኦጋዴን አቧራ ታወራልን ነበር፣ ሚ-8 ሄሊኮፕተር ሲያርፍ አቧራው ከጭራው ተነስቶ እንደሚደርስበት፣ ስለዚህ አየር ላይ ሳይቆም ቶሎ መቀመጥ እንዳለበት። እዚህም የሚያስተምሩት ያንኑ ነው። አንዳንዴ ግን ከፍ ብለው ቆመው በረዶውን አስቀድመው ይበትኑታል፣ አቧራ ላይ ይሄ ይሠራ ነበር?

ደግሞ እናንተ ለፓይለቱ ምልክት መሬት ላይ ምን ነበር የምታስቀምጡለት? ጎማ ነው ድንጋይ? እሑድ ስደውል በደንብ ንገረኝ፣ ለጓደኞቼ ልነግራቸው ነው።

ልጅህ